ከእንስራ እስከ ቧንቧ፦ ውኃ በጎንደርና በአፉላ

በጎንደርና በአካባቢው በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ነው። በአፉላና በዙሪያዋ ግን ከ400 እስከ 450 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ይዘንባል። ይኸውም የተወለድንበት አገር ዛሬ ከምንኖርበት ከእጥፍ በላይ ዝናብ ያገኛል ማለት ነው። እንዲህም ሆኖ በአፉላ ቧንቧው ሌሊትና ቀን ሲፈስ፣ በጎንደር ከተማ ነዋሪው ጀሪካን ደርድሮ የውኃ ተራ ይጠብቃል። ልጆቻችን ስለዚህ ነገር ሲሰሙ «ኢትዮጵያ ደረቅ አገር ስለሆነች ነው» ይሉናል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የውኃ ችግር ከዝናብ ማነስ ብቻ አይመጣም፤ ውኃን የሚያጠራቅም፣ የሚያደርስና የሚጠብቅ ሥራ ሲጎድልም ይመጣል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ይህንኑ ለማስረዳትና አባቶቻችንና እናቶቻችን ስለ ውኃ ያውቁት የነበረውን ለትውልድ ለማቆየት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውኃ በቤተ እስራኤል ኑሮ

አባቶቻችን መንደር ሲቆረቁሩ አስቀድመው የሚመለከቱት ወንዙን ነበር። በኦሪቱ የመንጻት ሕግ ምክንያት ወራጅ ውኃ ያስፈልግ ስለ ነበረ መንደሮቻችን በወንዝ ወይም በምንጭ አጠገብ ይሠሩ ነበር። ለሰንበት ዋዜማ ዓርብ ገላን በወንዝ መታጠብ የተለመደ ነበር። ሴት የመርገም ቀኗን ፈጽማ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ አራስም የተወሰነላት ቀን ሲሞላ፣ ሬሳ የነካ ሰውም ከወገኑ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት በውኃ መንጻት ግዴታ ነበረባቸው። ጎረቤቶቻችን «ውኃ ውኃ ይሸታሉ» ይሉን እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ።

ወንዙም የራሱ ሥርዓት ነበረው። ከላይ ለመጠጥ ይቀዳል፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ከብት ይጠጣል፤ ከሁሉ በታች ልብስ ይታጠባል። ይህን ሥርዓት ያፈረሰ ሰው በመንደሩ ይወቀሳል። ምንጩ የጋራ ስለሆነ ጠረጋውም የጋራ ነበር።

ውኃው የሚመጣበት እንስራ የእናቶቻችን የእጅ ሥራ ነበር። ለጎንደር ቅርብ የሆነችው ወለቃ በሸክላ ሠሪ ሴቶቿ የታወቀች መንደር ነበረች። አፈሩ ተወቅጦና ተነፍቶ፣ ከአሸዋ ወይም ከተፈጨ ገል ጋር ተለውሶ፣ ያለ መሽከርከሪያ በእጅ ብቻ ይሠራል፤ ከደረቀም በኋላ በእንጨትና በኩበት እሳት ይተኮሳል። የሸክላ ውኃ የሚቀዘቅዝበት ምክንያት አለው። ሸክላው በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ስላለው ጥቂት ውኃ ወደ ውጭ ያልበዋል፤ ያ ላበት በነፋስ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ በውስጥ የቀረው ይቀዘቅዛል። እናቶቻችን ይህን በትምህርት ቤት አልተማሩትም፤ በእጃቸው ግን ያውቁት ነበር።

አንድ እንስራ 20 ሊትር ይይዛል ብንል፣ ውኃ የምትቀዳ ሴት የሸክላውን ክብደት ሳንጨምር 20 ኪሎ በጀርባዋ አዝላ ዳገት ትወጣ ነበር። ስለዚህ በቤት ውስጥ እያንዳንዱ ቅል ውኃ የሚቀዳበት ምክንያት ነበረው። ዛሬ በመጸዳጃ ቤት ትልቁን መጫኛ አንድ ጊዜ ስንጫን ከ6 እስከ 9 ሊትር ይፈስሳል። ሁለት ሦስት ጊዜ ስንጫነው አንድ እንስራ አለቀ ማለት ነው።

የኢይዝራኤል ሸለቆ

አፉላ በ1925 የተመሠረተችው በኢይዝራኤል ሸለቆ መካከል ነው። የዚህ ሸለቆ ታሪክ በመጽሐፍም ከውኃ ጋር የተያያዘ ነው። ጌዴዎን ሠራዊቱን በውኃ አጠጣጣቸው የለየበት የሐሮድ ምንጭ ከከተማችን በደቡብ ምሥራቅ፣ በጊልቦዓ ተራራ ሥር ይገኛል። ነቢዩ ኤልያስም ከረጅሙ ድርቅ በኋላ በቀርሜሎስ ስለ ዝናብ ጸልዮ፣ ዝናቡ ሲመጣ በአክዓብ ፊት የሮጠው ወደ ኢይዝራኤል ነው። ስለዚህ የዚህ አገር ሰው ዓይኑን ወደ ሰማይ አንሥቶ ዝናብ መጠበቁ ዛሬ የተጀመረ አይደለም።

ከመቶ ዓመት በፊት ሸለቆው ሁለት ተቃራኒ ችግሮች ነበሩበት። በዝናብ ወራት ውኃው መውጫ አጥቶ ረግረግ ይሆንና ወባ ያመጣል፤ በበጋ ደግሞ እርሻው ይጠማል። በ1921 ናሃላልንና ዔን ሐሮድን የመሠረቱት ሰፋሪዎች ቦይ በመቆፈርና የሸክላ ቱቦ ከመሬት በታች በመቅበር ረግረጉን አጠነፈፉ።

በ1937 መኮሮት የተባለው የውኃ ድርጅት ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ መካከል በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ሌዊ ኤሽኮልና መሐንዲሱ ሲምሓ ብላስ ይገኙበታል። የድርጅቱ የመጀመሪያ ትልቅ ሥራ ለዚሁ ለኢይዝራኤል ሸለቆ ምዕራባዊ ክፍል ውኃ ማድረስ ነበር። በ1959 የወጣው የውኃ ሕግ ደግሞ በአገሪቱ ያለ የውኃ ምንጭ ሁሉ የሕዝብ ሀብት መሆኑን ደነገገ። አንድ ሰው በራሱ መሬት ላይ ምንጭ ቢያገኝ እንኳ የግሉ አይሆንም። ይህ ሕግ የጋራ ምንጭ ለሚያውቀው ለወገናችን እንግዳ አይደለም።

በ1964 ብሔራዊው የውኃ መስመር ተመረቀ። የኪኔሬት ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 210 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ውኃው በኃይለኛ ፓምፕ ወደ ላይ ይገፋል፤ ከዚያም በቦይ፣ በዋሻና በቧንቧ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወደ አገሪቱ መካከል ይደርሳል። በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ በኔጌቭ በሚገኘው በሐጼሪም ኪቡጽ የሲምሓ ብላስ የጠብታ መስኖ መመረት ጀመረ። ውኃው በቀጭን ቱቦ እየሄደ በተክሉ ሥር ጠብ ጠብ ስለሚል በትነትና በፍሰት አይባክንም።

ሐይቁ ሲጎድል

ይህ ሁሉ ተሠርቶም ውኃው አልበቃም። ሕዝቡ በዛ፤ ድርቅም ተደጋገመ። በኅዳር 2001 የኪኔሬት ወለል ከባሕር በታች እስከ 214.87 ሜትር ወረደ። ከዚህ በታች መቅዳት ሐይቁን ራሱን የሚጎዳ ስለ ነበረ መንግሥት ፊቱን ወደ ባሕር አዞረ። በ2005 በአሽቀሎን፣ በ2007 በፓልማሒም፣ በ2009 በሐዴራ፣ በ2013 በሶሬቅ፣ በ2015 በአሽዶድ የባሕር ውኃ ማጣሪያዎች ሥራ ጀመሩ። አሠራሩም እንዲህ ነው፦ የባሕር ውኃ በብርቱ ግፊት ወደ ስስ ማጣሪያ ይገፋል፤ ማጣሪያው ውኃውን አሳልፎ ጨውን ያስቀራል። ለዚህ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚያስፈልግ ውኃው ርካሽ አይደለም። ዛሬ በአገሪቱ ለቤት ከሚውለው ውኃ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከባሕር የመጣ ነው። በ2018ም መንግሥት የተጣራ የባሕር ውኃ ወደ ኪኔሬት እንዲመለስ ወሰነ። ስለዚህ ቀድሞ ከሐይቁ እየተቀዳ ይወጣ የነበረው ውኃ አሁን ወደ ሐይቁ የሚገባበት መንገድ ተቀየሰ።

ሌላው ትልቅ ሥራ ፍሳሽን አጣርቶ ለእርሻ ማዋል ነው። በእስራኤል ከፍሳሽ ውኃ ከ10 እጅ ከ8 እጅ በላይ ተጣርቶ ዳግመኛ ይሠራበታል። የሐይፋ ከተማ ፍሳሽም ተጣርቶ ወደ እኛ ሸለቆ ይመጣና በማጠራቀሚያ ኩሬዎች ቆይቶ በበጋ እርሻ ያጠጣል። ይህ ውኃ የሚሄድበት ቧንቧ ወይን ጠጅ ቀለም አለው፤ የማይጠጣ መሆኑን ለልጆች ማስተማር ያስፈልጋል። ለመጠጡ አንድ፣ ለእርሻው ሌላ ውኃ መለየቱ ከወንዛችን ሥርዓት ጋር በአሳብ አንድ ነው።

ጎንደር ለምን ተጠማች?

ጎንደር ውኃን መምራት አታውቅም ማለት አይቻልም። በ17ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የፋሲለደስ መዋኛ ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። ነገር ግን በዚያ አገር ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል፤ የቀረው ጊዜ ደረቅ ነው። የክረምቱን ውኃ ለበጋ የሚያቆይ ትልቅ ማጠራቀሚያ ከሌለ ዝናቡ ቢበዛም ወንዝ ይዞት ይሄዳል። ለከተማው የተሠራው የአንገረብ ግድብ ከተራቆቱት ኮረብታዎች በሚታጠበው ደለል እየተሞላ የሚይዘው ውኃ ቀነሰ። በዚህ ላይ የከተማው ሕዝብ እጅግ ጨመረ። ስለዚህ የጎንደር ጥማት መድኃኒቱ ግድብና ቧንቧ ብቻ አይደለም፤ በተራራው ላይ ዛፍ መትከልና እርከን መሥራትም ጭምር ነው። ዛፉ አፈሩን ካልያዘ አዲስ ግድብም ቢሠራ ይደፈናል።

ለቤተሰቦችና ለተመራማሪዎች

በቤታችን የምናየው አንድ ነገር ያሳስበናል። አያት የልጅ ልጇን «ጥርስህን ስትፋቅ ቧንቧውን ዝጋ» ስትለው፣ ልጁ የባላገር ንፉግነት ይመስለዋል። አያትም በዕብራይስጥ የተጻፈውን የውኃ ሂሳብ ማንበብ ስለማትችል የተናገረችው ትክክል መሆኑን በቁጥር ልታሳየው አትችልም። እንግዲህ ሂሳቡ ሲመጣ ሁለቱ አብረው ይቀመጡ። ልጁ ያንብብላት፤ የወሩን ውኃም ስንት እንስራ እንደሚሆን በ20 ሊትር አካፍሎ ይንገራት። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ነውና 50 እንስራ ይሆናል። እርሷም ያን ያህል ለመቅዳት ስንት ጊዜ ወንዝ መውረድ እንደሚያስፈልግ ትንገረው። ሌሊት ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ የቆጣሪው ቁጥር ጠዋት ተቀይሮ ከተገኘ አንድ ቦታ የሚያፈስ ነገር አለ ማለት ነውና ይታይ።

ተመራማሪዎችንም አደራ የምንለው አለ። እንስራ፣ ማድጋ፣ ጋን እያሉ መጠናቸውንና አገልግሎታቸውን ለይተው የሚያውቁ፣ በእጃቸውም የሠሩ እናቶች ዛሬ አርጅተዋል። የየመንደሩን ወንዝና ምንጭ ስም፣ ሴቶች የሚነጹበትን ስፍራ፣ ለሸክላ የሚሆነው አፈር የሚቆፈርበትን ቦታ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ይህ እውቀት በጽሑፍ ያልሰፈረ ስለሆነ ሰዎቹ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። ቤተሰቦች ከአፋቸው የሰሙትን በአማርኛም በዕብራይስጥም ጽፈው፣ የመንደሩንና የተናጋሪዋን ስም ጨምረው ለማኅበራችን ቢያደርሱን በሚቀጥሉት እትሞች እናወጣዋለን።

እግዚአብሔር ዘመኑን ዝናብ በየወቅቱ የሚወርድበት፣ በሁለቱም አገር የተጠማ የሚረካበት ያድርግልን።