ታሪኩ የማን ነው? የቤተ እስራኤል ጉዞና «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» የተባለው ፊልም

ከእውነተኛ ድርጊት የተነሣ ፊልም ሲሔስ ብዙውን ጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ «ይህ በእርግጥ ተፈጽሟልን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ሩቅ አያስኬድም። የፈጠራ ሥራ ከታሪክ ላይ የመቀነስም ሆነ የመጨመር መብት አለው። ይልቅስ ሊጠየቅ የሚገባው ታሪኩ በማን አንጻር ተተረከ፣ ዋናው ግጭትስ በማንና በማን መካከል ተተከለ የሚለው ነው። በጊዴዎን ራፍ ተደርሶና ተዘጋጅቶ በሐምሌ 2011 ዓ.ም. በኔትፍሊክስ የቀረበው የእንግሊዝኛ ፊልም ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማሳያ ይሆናል።

ድርጊቱ በአጭሩ ይህ ነው። የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ አሩስ በተባለ ቦታ፣ ባዶውን የነበረ የመዝናኛ መንደር ተከራየ። ቀን እውነተኛ ጎብኚዎችን እያስተናገደ፣ ሌሊት ከገዳሪፍ አካባቢ የስደተኞች ሰፈሮች ቤተ እስራኤላውያንን በጭነት መኪና እያመጣ በጀልባ ወደ መርከብ ያሻግር ነበር። በ1974 ዓ.ም. የሱዳን ወታደሮች ተኩስ ከከፈቱ በኋላ በመርከብ ፈንታ አውሮፕላን ተተካ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በተካሄደው «ዘመቻ ሙሴ» ደግሞ ከ6,000 በላይ ሰዎች በአየር ተጓጓዙ።

እንግዲህ ይህ የታሪኩ መጨረሻ ነው እንጂ መጀመሪያው አይደለም። መጀመሪያው ያለው በሰሜን፣ በወገራ፣ በደምቢያ፣ በሽሬና በወልቃይት መንደሮች ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው ኮሶዬ ሲደርስ ቆም ብሎ ገደሉን ቁልቁል ቢመለከት፣ ደገኛ ገበሬ ያን ቆላ በእግሩ፣ ልጅ አዝሎ፣ አዛውንት ደግፎ፣ በሌሊት ለማቋረጥ መነሣቱ ምን ማለት እንደሆነ በመጠኑ ይገባዋል። ቤት ንብረት የሚተወው ጎረቤት ሳያውቅ ነው፤ ስንብት የለም። በመንገድ ሽፍታ አለ፣ ጥም አለ፣ የመንግሥት ወታደር አለ። ኡም ራኩባን በመሰሉ ሰፈሮች ከተደረሰ በኋላም ስደተኛው ማንነቱን መደበቅ ነበረበት፤ ሬሳ በድብቅ ይቀበር ነበር። በጉዞውና በሰፈሮቹ 4,000 ያህል ሰዎች እንዳለቁ ይገመታል። ለቅሶን በአደባባይ፣ በሙሾና በደረት ድቂያ ለሚያውቅ ማኅበረሰብ፣ ድምፅ ሳያሰሙ መቅበር ራሱን የቻለ ሌላ ሞት ነው። የታሪኩ ትልቁ ግጭት ይህ ይመስለኛል፦ የሰው ልጅ ከገዛ ለቅሶው ጋር የሚያደርገው ትግል።

ፊልሙ ይህን ግጭት አልፈለገውም። ልብ ሰቀላው የተንጠለጠለው «ሰላዮቹ ይያዙ ይሆን?» በሚለው ላይ ብቻ ነው። ክሪስ ኢቫንስ የሚጫወተው ዋናው ገጸባህሪ ሸሚዙን አውልቆ ስፖርት ሲሠራ ካሜራው ጊዜ አይነፍገውም፤ ስደተኞቹ ግን በአብዛኛው በጭነት መኪና ላይ የተደረደሩ፣ የሚፈሩና የሚያመሰግኑ ፊቶች ሆነው ያልፋሉ። ከእነርሱ መካከል በስም የሚለየው በማይክል ኬኔት ዊልያምስ የተሠራው ከበደ ብምሮ ነው። የገጸባህሪው መነሻ ፈረደ አክሉም መሆኑ ይነገራል። ፈረደ የትግራይ ተወላጅ መምህር ሲሆን፣ ከደርግ መንግሥት ሸሽቶ ሱዳን ገብቶ፣ ከዚያ ለእስራኤል መልእክት ልኮ የስደቱን መንገድ ያስከፈተ ሰው ነው። በሌላ አነጋገር ሞሳድ እርሱን ሳይሆን እርሱ ሞሳድን ጠርቷል። ፊልሙ ግን ጠሪውን ረዳት አድርጎታል። ሐያስያን ፊልሙን በአብዛኛው ባይወዱትና «የነጭ አዳኝ» ተረት ነው ቢሉት አያስገርምም። ለፍትሐዊነት ያህል፣ ፊልሙ ድርጊቱን ሰምቶት ለማያውቅ ብዙ ተመልካች ማስተዋወቁ አይካድም።

ሌላው ጉዳይ ቋንቋ ነው። ይህ ችግር በእኛ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። በ1951 ዓ.ም. በቡካሬስት ጥቂት የቀድሞ የኮሚኒስት ፓርቲ አባላት የባንክ ገንዘብ የጫነ መኪና ዘርፈው፣ መንግሥት ዘረፋውን በካሜራ ፊት ደግመው እንዲሠሩ ካስገደዳቸው በኋላ ወንዶቹን ገድሏቸዋል። ሮማንያዊው ናዬ ካራንፊል ይህን ወደ ፊልም ሲለውጥ («ክሎዘር ቱ ዘ ሙን»፣ 2006 ዓ.ም.) ገጸባህርያቱን በእንግሊዝኛ አናገራቸው። ፌዙ የሮማንያ ሆኖ ሳለ አንደበቱ የለንደን ሆነ፤ በአገዛዝ ሥር የሚኖር ሰው በቃላት መካከል የሚሸሽገው ፍርሃትም በዚያው ጠፋ። በራፍ ፊልም የደረሰውም ተመሳሳይ ነው። ሰምና ወርቅ የለመደ፣ ምሥጢሩን በአነጋገሩ የሚጠብቅ ሰው፣ በእንግሊዝኛ በግልጽ ሲናገር ምሥጢሩ የት ይኖራል?

የሚገርመው ይህንኑ ስደት ከውስጥ ለማየት የሞከረው ሌላው ዳይሬክተር የቡካሬስት ተወላጅ መሆኑ ነው። ራዱ ሚሃይሊያኑ በ1997 ዓ.ም. ያቀረበው «ሂድ፣ ኑር፣ ሁን» ፈረንሳይኛ፣ ዕብራይስጥና አማርኛ ይነገርበታል። በሱዳን ሰፈር ያለች ክርስቲያን እናት ልጇን ከረኃብ ለማትረፍ፣ ቤተ እስራኤላዊ ነኝ ብሎ እንዲሄድ ትገፋዋለች። ልጁ በእስራኤል አድጎም ስሙም ሃይማኖቱም የራሱ አይደለም፤ ለእናቱ በቄሱ አማካይነት በአማርኛ ደብዳቤ ያስጽፋል። እዚህ ላይ ቋንቋው ጌጥ ሳይሆን ራሱ ግጭቱ ነው፤ ልጁ አማርኛውን ቢረሳ እናቱን ያጣል። ሚሃይሊያኑም ከውጭ የመጣ ነው፤ ፊልሙም ወደ መጨረሻው አካባቢ ስሜት ያበዛል። ይሁንና ጎልማሳውን ልጅ የሚጫወተው ሲራክ ሳባሐት ራሱ በልጅነቱ ከኢትዮጵያ በግንቦት 1983 ዓ.ም. «ዘመቻ ሰሎሞን» የሄደ ነው፤ ሲናገርም ትርጉም የሚጠብቅ ሰው አይመስልም።