የአባት ጋሻና የልጅ ትከሻ

በጎጃም ደጋ አንድ ወጣት እንግዳ ሆኖ ከሰው ቤት ሲገባ ገና ከመቀመጡ «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ጥያቄው መልካም ነው፤ የአባቶችን ውለታ ከመረሳት ይጠብቃልና። ነገር ግን መልሱ ብቻውን ሰውን ያስከብራልን? ይህን ለመመርመር የደብረ ማርቆስ ቤተ መንግሥት ታሪክ ይበቃናል።

ራስ አዳል ተሰማ በጥር 1873 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘውድ ተጭኖላቸው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። በግንቦት 1874 ዓ.ም. በእምባቦ ከንጉሥ ምኒልክ ጦር ጋር ተዋግተው ቆስለው ተማረኩ። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሽን በሳር ውሃ ቢገጥሙትም ድሉ የደርቡሽ ሆነ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ሰው በቤቱ ቢቀመጥ ማን ይፈርድበት ነበር? እርሳቸው ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የጎጃምን ጦር አሰልፈው በዓድዋ ከዐፄ ምኒልክ ጎን ቆሙ። የእምባቦን ቂም ለአገር ሲሉ ተዉት።

ልጃቸው ራስ ኃይሉ ግን ጠላት በመጣ ጊዜ ለኢጣልያ አደሩ፤ በ1933 ዓ.ም. የጎጃምን ሕዝብ ያበርዱለት ዘንድ ጠላት ወደ ደብረ ማርቆስ መልሶ ላካቸው። በዚያው ጊዜ ሁለት የንጉሡ የልጅ ልጆች፣ ልጅ ኃይሉ በለውና ነጋሽ በዛብህ፣ አርበኛ ሆነው በዱር ነበሩ። ጠላት መሣሪያ አስረክቡ ባለ ጊዜ ጎጃም በ1930 ዓ.ም. ሲነሣ፣ እነርሱም በአያታቸው ስም መመካቱን ትተው መከራውን መረጡ። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ አጎትና የወንድም ልጆች የቆሙት በየፊናቸው ነበር። አያቱ አንድ፣ ደሙም አንድ ነው፤ ሥራው ግን ለየቅል ሆነ።

ከቤተ መንግሥት ውጭ ደግሞ የባሻ ዘለቀ ላቀው ልጆች፣ በላይና እጅጉ ዘለቀ፣ ከብቸና ተነሥተው ተዋጉ። የንጉሥ ዘር የሚል ስም አልነበራቸውም። ሁለቱም ከድል በኋላ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ሞቱ፤ አብሯቸው የተሰቀለውም የራስ ኃይሉ ልጅ ልጅ ማሞ ኃይሉ ነበር። ዛሬ ግን በላይ ዘለቀ የሚለው ስም በመዲናይቱ ጎዳና ላይ ይነበባል። የፈረደበት ዘመን አለፈ፤ ስም ግን ከመቃብር በላይ ይውላል።

አንባቢ ሆይ፣ የተዋጊ ቤተሰብን ማክበር ግዴታችን ነው። በየአምባው ልጇን ለዱር የሰጠችውን፣ ስንቅ ቋጥራ ሌሊት የላከችውን እናት የሚያስታውስ ሐውልት ስለሌለ፣ የእርሷን ታሪክ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ጠይቆ መጻፍ የተማሪው ሥራ ነው። ነገር ግን የአባትን ጋሻ በግድግዳ ላይ ሰቅሎ መመልከት አንድ ነገር ነው፤ ትከሻን ለሸክሙ ማዘጋጀት ሌላ ነው። ለወጣቱ ሹም በቢሮው የሚመጣበት ጠላት ጉቦና አድልዎ ነው። «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል አባቱን ይጥራ፤ «ምን ሠራህ?» ሲባል ግን አባቱ አይመልሱለትም።