በጥቁሩ ጨርቅ ሥር፦ ሰፊ ሌንስ በትልቁ ካሜራ ላይ

በስልክ ወይም በትንሽ ካሜራ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ዋይድ አንግል የሚባለውን ሰፊ ሌንስ ሲጠቀም ስለ ፎከስ ብዙም አይጨነቅም። ሌንሱ ከቅርብ እስከ ሩቅ ያለውን አጥርቶ ስለሚያሳይ ትንሽ ስህተት ትሸፈናለች። የዚያው ዓይነት ሌንስ 4 በ5 ኢንች ፊልም በሚጎርስ ትልቅ ካሜራ ላይ ሲገጠም ግን ነገሩ ይገለበጣል።

ካሜራው ራሱ የተወሳሰበ ዕቃ አይደለም። ከፊት ሌንስ፣ ከኋላ አንድ ፊቱ የተፋቀ ደብዛዛ መስታወት፣ በመካከላቸው ብርሃን የማያሾልክ ወናፍ፤ በቃ። አንሺው ጥቁር ጨርቅ ተከናንቦ መስታወቱ ላይ ያረፈውን ምስል ያያል፤ ምስሉ የተዘቀዘቀ፣ ግራና ቀኙም የተለዋወጠ ነው። ሲጠራለት ፊልሙን በመስታወቱ ቦታ ያስገባና ያነሳል። ለዚህ ፊልም መደበኛ የሚባለው ሌንስ 150 ሚሊሜትር ነው። ሕንፃ የሚያነሱ ባለሙያዎች ደግሞ እንደ ሽናይደር ሱፐር አንጉሎን ወይም ሮደንስቶክ ግራንዳጎን ያሉትን 90 ሚሊሜትሮች ይመርጣሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ከሚሊሜትር ነው። የ90 ሚሊሜትር ሌንስ ከአድማስ ላይ ፎከሱን አንስቶ 2 ሜትር ላይ ወዳለ ወንበር ለማምጣት ወደፊት የሚሄደው 4 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። 150ው ለዚያው ሥራ 12 ይሄዳል። ስለዚህ ማዞሪያው በጣት ጫፍ ሲነካ ፎከሱ ሜትሮችን ይዘላል፦ ሌንሱ በግማሽ ሚሊሜትር ከተንሸራተተ ከአድማስ 16 ሜትር ላይ ዱብ ይላል። በ300 ሚሊሜትር ሌንስ ያቺው ግማሽ ሚሊሜትር የምታመጣው 180 ሜትር ድረስ ነው።

ወናፉም ያስቸግራል። ሌንሱና ፊልሙ በ9 ሴንቲሜትር ገደማ ሲቀራረቡ እጥፋቶቹ ተጨፍልቀው ይደድራሉ፤ ሌንሱን ከፍ ወይም ዘንበል ለማድረግ ሲሞከር መልሰው ይገፉታል። ለዚህ ተብሎ እጥፋት የሌለው፣ ከለስላሳ ቆዳ ወይም ጨርቅ የተሰፋ ከረጢት መሰል ወናፍ አለ። በሰፊ ሌንስ አዘውትሮ ለሚሠራ ሰው፣ ከሁለተኛ ሌንስ በፊት ሊገዛ የሚገባው ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ጨለማው ነው። ብርሃኑ መስታወቱን በመሃል ቀጥ ብሎ፣ በጥግ ደግሞ በጣም አጋድሎ ስለሚመታው መሃሉ ሲያበራ ጥጉ ይጠፋል። አንሺው አንገቱን አዙሮ፣ ማጉያ መነጽሩን ወደ ሌንሱ አነጣጥሮ፣ ጨረሩ የሚመጣበትን አቅጣጫ ካልተከተለ ጥጉ ላይ ፎከስ መኖሩን ሊያውቅ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1900 በርሊን ውስጥ የጎርዝ ኩባንያው ኤሚል ፎን ሆግ የቀመረው ሃይፐርጎን የተባለ ሌንስ የዚህ ጣጣ ጥግ ነበር። 135 ዲግሪ ያህል የሚያይ ሆኖ፣ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳው ከኤፍ 22 በላይ አይከፈትም (ቁጥሩ ሲበልጥ ቀዳዳው ይጠብባል)። መሃሉ እንዳይቃጠል ከሌንሱ ፊት ኮከብ መሰል ማራገቢያ ተገጥሞ፣ አንሺው የጎማ ፊኛ እየጨመቀ በአየር ያሽከረክረው ነበር። በዚያ ብርሃን ፎከስ ያደረጉ ሰዎች ትዕግሥት ያስገርማል።

የዛሬው ሠራተኛ መፍትሔው ማስመሪያ ነው። ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ይከፍትና ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ከጨርቁ ሥር ይቆያል። መጀመሪያ ሩቁን ያጠራና ሌንሱ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ቀጥሎ ቅርቡን አጥርቶ ሌላ ምልክት ያኖራል። ከዚያ ሌንሱን በሁለቱ ምልክቶች መሃል ያቆመዋል። በማስመሪያው የተለካው የምልክቶቹ ልዩነት 4 ሚሊሜትር ከሆነ ኤፍ 22 ብዙውን ጊዜ ይበቃል፦ ከ2 ሜትር እስከ አድማስ ያለው ሁሉ ይጠራል። ቀዳዳውን ካጠበበ በኋላ መስታወቱ ላይ ለመፈተሽ መሞከር ብዙም አይጠቅምም፤ ምስሉ ይጨልማልና ከዓይን ይልቅ ማስመሪያው ይታመናል።

ሌንሱን ወደፊት ማዘንበልም አለ። የፊልሙ፣ የሌንሱና የሚነሳው ነገር ጠለሎች በአንድ መስመር ላይ ከተገናኙ ያ ነገር በሙሉ ይጠራል። ሕጉ የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1904 በብሪታንያ የፈጠራ መብት ባወጣው የኦስትሪያ ጦር መኮንን በቴዎዶር ሻይምፕፍሉግ ስም ነው፤ እሱ ራሱ ግን ከፈረንሳዊው ዡል ካርፖንትዬ መነሳቱን አልደበቀም።

ካሜራው ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ ቢቆምና የንጣፍ ድንጋይ የለበሰ አደባባይ ከእግር ሥር እስከ ዳር እንዲጠራ ቢፈለግ፣ 150ው ወደ 6 ዲግሪ ማዘንበል ይጠይቃል። 90ው ከ3 ዲግሪ ተኩል አያልፍም። ይህን በዓይን ለይቶ ማየት ያዳግታል፤ ጀማሪዎችም ሌንሱ እስኪጎነበስ አዘንብለው ምስሉን ያበላሹታል። አደባባዩ አጠገብ ረጅም ምሰሶ ካለ ደግሞ ማዘንበሉ ጭራሽ ይቅር፦ ወለሉ ሲጠራ የምሰሶው አናት ይደበዝዛል። ያን ጊዜ ሌንሱን ቀጥ አድርጎ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 32 ማጥበብና ሸተሩን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ መጠበቅ ይሻላል።