የፎቶግራፍ አንሺው ስም የት ገባ?

ሰሞኑን የአንድ ወዳጄ ልጅ በኮምፒዩተር የሠራውን የአንድ አዛውንት ሥዕል በፌስቡክ ገጹ ላይ ለጥፎ አየሁ። ሥዕሉ ግሩም ነው። ከሥሩ የሰፈረው ግን የራሱ ስም ብቻ ነበር። “ከየት አመጣኸው?” ብለው፣ “ጋሼ፣ ከኢንተርኔት ካገኘሁት ፎቶ ነው፤ ግን እኮ ቀይሬዋለሁ” አለኝ። ይህ መልስ የብዙዎቻችን ስለሆነ እስቲ በሕግ ዓይን እንየው።

እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካዊቷ ፎቶግራፍ አንሺ ሊን ጎልድስሚዝ ሙዚቀኛውን ፕሪንስን ፎቶ አነሳችው። በ1984 ቫኒቲ ፌር መጽሔት ፎቶውን ለአንድ ጊዜ ብቻ ለሥዕል መነሻ ለማድረግ 400 ዶላር ከፈለ። ሠዓሊው አንዲ ዋርሆል ሥዕሉን ሠራ፤ መጽሔቱም የእርሷን ስም ጠቅሶ አወጣው። ዋርሆል ግን ከዚያው ፎቶ ሌሎች 15 ሥራዎችም ሠርቶ ነበር። በ2016 ፕሪንስ ሲሞት የመጽሔቱ አሳታሚ ከእነዚህ አንዱን ለማተም ለዋርሆል ፋውንዴሽን 10,000 ዶላር ገደማ ከፈለ። ለጎልድስሚዝ ገንዘቡም ቀረ፣ ስሟም ቀረ። ክርክሩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2023 በ7 ለ2 ድምፅ ለእርሷ ተወሰነ። ያን ያህል ስም ላለው ሠዓሊ እንኳ “ቀይሬዋለሁ” ማለት ብቻውን አልበቃም።

በእኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለፎቶግራፍ ጥበቃ ይሰጣል። አዋጁ ሁለት መብቶችን ለይቶ ያስቀምጣል። አንደኛው የኢኮኖሚ መብት ነው፤ ሥራውን ማባዛትም ሆነ ወደ ሌላ መልክ መለወጥ የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ሁለተኛው የሞራል መብት ነው፤ የሥራው አመንጪ ማን እንደሆነ እንዲታወቅ የመጠየቅ መብት። ስለዚህ ስም መጥቀስ ፈቃድን አይተካም፤ ፈቃድ ማግኘትም ስም ከመጥቀስ ነፃ አያወጣም።

“ምንጭ፦ ኢንተርኔት” የሚለው ነገር ደግሞ ምንጭ አይደለም። ኢንተርኔት ካሜራ አንግቶ ሲዞር ያየ የለም። ፎቶውን በጉግል የምስል ፍለጋ አስገብቶ መጀመሪያ ያወጣውን ሰው መፈለግ፣ ማስፈቀድ፣ ከዚያም “ሥዕል፦ እገሌ፤ መነሻው ፎቶግራፍ፦ እገሊት” ብሎ ከነአድራሻው መጻፍ ነው። ባለቤቱ ካልተገኘ ሌላ ፎቶ መምረጥ ይሻላል።

ልጁን በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት፦ “ያንተን ሥዕል ሌላ ሰው ወስዶ፣ ቀለሙን ቀይሮ፣ በራሱ ስም ቢለጥፈውስ?” ዝም አለ። ማምሻውን ሳይ ሥዕሉን ከገጹ አንስቶታል። ፎቶ አንሺውን እየፈለገ ነው።