የጋዝ መቈጣጠሪያ መለወጥ የሚገባው መቼ ነው?

ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር የምትገኘው ወለቃ፣ የቤተ እስራኤል ሰዎች ይኖሩባት ከነበረበት ዘመን አንሥቶ በሸክላ ሥራዋ የታወቀች መንደር ናት። ሸክላ መግዛት የሚያውቅ ሰው ድስቱን አንሥቶ በጣቱ ያንኳኳዋል። ድምፁ ጥርት ያለ እንደ ሆነ ይገዛዋል፤ የታፈነ እንደ ሆነ ግን ዐይን ያላየው ስንጥቅ ሊኖርበት ይችላልና ይተወዋል። የተሰነጠቀውንም ድስት ለጥፋ እሳት ላይ የምትጥድ ባለሙያ ሴት የለችም፤ በሌላ ትለውጠዋለች እንጂ።

ለሸክላ የምናደርገውን ይህን ጥንቃቄ ግን በዚያው ማድ ቤት ውስጥ ለቆመው ለቡታ ጋዝ ምድጃ ስንነፍገው ይታያል። በአገራችን አብዛኛው ምግብ ዛሬም በእንጨትና በከሰል የሚበስል ቢሆንም፣ በከተማ የጋዝ ምድጃ የሚጠቀሙ ቤተ ሰቦች አሉ። ከእነዚህም መካከል ሲሊንደሩ ባለቀ ጊዜ ፈጥኖ የሚያስሞላ ብዙ ነው፤ በሲሊንደሩ ራስ ላይ የሚገጠመውን መቈጣጠሪያ አገላብጦ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው።

ይህ ነጋዴዎች ሬጉሌተር የሚሉት መሣሪያ ሥራው ምንድን ነው? በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ጋዝ በብርቱ ግፊት ታምቆ ፈሳሽ ሆኖ የተቀመጠ ነው። ሬጉሌተሩ ይህን ግፊት አብርዶ፣ ምድጃው በሚችለው መጠን ብቻ ጋዙን ያሳልፋል። በውስጡም ስስ የጎማ ሽፋንና ሞላ አለበት። ጎማ ደግሞ ብዙ ቢሠራበትም ባይሠራበትም በዕድሜ ብዛት ይደርቃል፤ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከውጭ ሲያዩት አዲስ የሚመስል ሬጉሌተር በውስጡ ያረጀ ሊሆን ይችላል።

የጋዝ ፍንጥቅ ምን ያህል ጥፋት እንደሚያደርስ ለመረዳት፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መጋቢት 18 ቀን 1937 በአሜሪካ አገር፣ በቴክሳስ ክፍለ ግዛት፣ ኒው ለንደን በምትባል ስፍራ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። ከትምህርት ቤቱ ወለል በታች የተፈጥሮ ጋዝ ሾልኮ ተጠራቀመ፤ ጋዙም ሽታ ስላልነበረው መምህራኑም ሆኑ ተማሪዎቹ አላወቁም ነበር። ጋዙ በእሳት ተያይዞ በፈነዳ ጊዜ 300 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ የሚበዙትም ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቴክሳስ ለጋዝ ሽታ እንዲጨመርበት በሕግ አዘዘች፤ ልማዱም በሌሎች አገሮች ተስፋፋ። ዛሬ ከሲሊንደር የሚሸተን ክፉ ሽታ የጋዙ የራሱ ሽታ ሳይሆን፣ ሰውን ለማስጠንቀቅ ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው። ይህን ሽታ ለምዶ ዝም ማለት የማስጠንቀቂያ ደወልን ሰምቶ እንደ መተኛት ይቈጠራል።

እንግዲህ ሬጉሌተሩ መለወጥ የሚገባው መሆኑን የሚያስታውቁት ምልክቶች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ የሳሙና አረፋ ምስክርነት። በመጀመሪያ በአጠገቡ እሳት አለመኖሩን ያረጋግጡ። ከዚያም ቁራጭ ሳሙና በብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጥብጠው፣ የምድጃውን ማብሪያ ዘግተው የሲሊንደሩን እንደ ከፈቱ፣ አረፋውን በሬጉሌተሩና በቱቦው ላይ በጨርቅ ይቀቡ። አረፋው እያበጠ የሚነሣ ከሆነ ጋዝ እየሾለከ ነው። የሚያብጠው በመጋጠሚያው ላይ እንደ ሆነ፣ ሲሊንደሩን ዘግተው የማሸጊያውን ጎማ ተመልክተው እንደ ገና ይግጠሙት። ከዚያ በኋላም ካበጠ፣ ወይም የሚያብጠው ከራሱ ከሬጉሌተሩ አካል ላይ ከሆነ፣ ጊዜው አልፎበታል።

2ኛ፤ አልዘጋ ማለት። ምድጃው እየነደደ ሳለ ሬጉሌተሩን ይዝጉት። በቱቦው ውስጥ የቀረው ጥቂት ጋዝ እንዳለቀ ነበልባሉ በአጭር ጊዜ ሊጠፋ ይገባዋል። መንደዱን ከቀጠለ፣ መዝጊያው ጋዝ እያሳለፈ ነውና ሊታመን አይገባውም።

3ኛ፤ የነበልባሉ ጠባይ። ደኅና ነበልባል ሰማያዊና የረጋ ነው። ማብሪያውን ሳይነኩት አንድ ጊዜ ዘሎ የሚወጣ፣ አንድ ጊዜ የሚሟሽሽ ከሆነ፣ ሬጉሌተሩ ግፊቱን መቈጣጠር እንዳቃተው ያጠራጥራል። ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ የድስቱን ቂጥ ጥላሸት የሚያለብስ እንደ ሆነ ግን አስቀድመው የምድጃውን ቀዳዳዎች ያጽዱ፤ ጥፋቱ የቆሻሻ ሊሆን ይችላልና። ነበልባል ቢደክምም ወዲያው በሬጉሌተሩ አይፍረዱ፤ ሲሊንደሩ ሊያልቅ ተቃርቦ፣ ወይም በደጋ ብርድ ቀዝቅዞ ይሆናል።

4ኛ፤ የሚታይና የሚሰማ ጕዳት። እንደ እባብ የሚያፏጭ ድምፅ፣ ዝገት፣ ስንጥቅ፣ ወድቆ መጣመም፣ ከሲሊንደሩ ራስ ጋር ገጥሞ አለመጽናት፣ እነዚህ ሁሉ የመለወጫው ጊዜ መድረሱን ይናገራሉ። ቱቦውንም አጠፍ አድርገው ይመልከቱ፤ የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ እንደ ሆነ እርሱም ይለወጥ።

አንድ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባል። ሬጉሌተሩና ቱቦው የባለቤቱ ንብረት ስለ ሆኑ በአዲስ ይለውጣቸዋል። ጋዙ የሚሾልከው በሲሊንደሩ ላይ ከተገጠመው ከራሱ መክፈቻ ከሆነ ግን ማንም ሰው በቤቱ ሊፈታው አይገባም፤ ሲሊንደሩ ወደ ሸጠው ድርጅት ይመለስ። እንዲሁም የሚሾልከውን ቦታ በላስቲክ መጠምጠም፣ በሳሙና መድፈን፣ በመዶሻ መትቶ ማጥበቅ ፍጹም መፍትሔ አይሆንም። ፍንጥቁን በክብሪት መፈለግማ ሞትን በስሙ መጥራት ነው።

የጋዝ ሽታ በቤት ውስጥ ቢያጋጥምዎ ሲሊንደሩን ይዝጉ፤ በርና መስኮቱን ይክፈቱ። ክብሪት አይጫሩ፤ የኤሌክትሪክ መብራትም አያብሩ፤ የበራውንም አያጥፉ፤ የማብሪያው ብልጭታ ይበቃዋልና። የቡታ ጋዝ ከአየር ይልቅ ከባድ ስለ ሆነ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለል ለወለል ተኝቶ ይቆያል። ስለዚህ የቡና ከሰል በጎረቤት ክፍል ቢኖር እንኳ አደጋ አለበት። ቤተ ሰቡን ይዘው ይውጡ፤ ሽታው ፈጽሞ ሳይጠፋም አይመለሱ።

በመጨረሻ፣ ሽታ የሌለው ሌላ ጠላት መኖሩ አይዘንጋ። ጋዝም ሆነ ከሰል አየር ባነሰው ክፍል ውስጥ በደንብ ሳይነድ ሲቀር ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ ይወስዳል። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድነት ራሳቸውን ቢያማቸው፣ ቢያዞራቸው፣ ቢያስመልሳቸው፣ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ወጥተው ወደ ሕክምና ቤት ይሂዱ። በብርድ ሌሊት በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት እጅግ ክፉ ልማድ ነው።

ክቡራን መምህራን ሆይ፣ ተማሪ በትምህርት ቤት የተማረውን ማታ ለእናቱ ይነግራል። እሳት በሌለበት ክፍል፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃና በቁራጭ ሳሙና አረፋው እንዴት እንደሚፈተን ብታሳዩት፣ ትምህርቱ በዚያው ዕለት ወደ ማድ ቤት ይገባል። ድስቱን አንኳኩቶ የሚገዛ ሕዝብ፣ ሬጉሌተሩን መርምሮ መለወጥ አያቅተውም። የአዲሱ ሬጉሌተር ዋጋ ምንም ቢከብድ፣ ከአንድ ሕፃን ሕይወት ጋር አይመዛዘንም።