ስለ ሁለተኛ መጠጥና ስለ ስሙ እውነተኛነት

አንድ የታወቀ ቤት ከምርጡ መጠጥ ሌላ ዝቅ ያለውን በሁለተኛ ስም ሲያወጣ፥ ያ ሁለተኛው እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰተኛ? በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ነው።

በፈረንሳይ አገር፥ በቦርዶ አጠገብ ባለው በሶቴርን፥ ጣፋጭ ነጭ የወይን ጠጅ የሚጠምቁ ርስቶች አሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ በ1855 እ.ኤ.አ. በደረጃ ተመድበዋል። በዚያ የወይኑን ፍሬ ልዩ ሻጋታ ሲይዘው ውሃው ይተናል፤ ስኳሩም ይጠነክራል። ከተጠመቀው ምርጡ ለዋናው ስም ይለያል፤ የቀረው በሁለተኛ ስም ይሸጣል። ርስቱ አንድ ነው፤ ስሙ ግን ደረጃውን ይናገራል። በአገራችንም በባቱ (ዝዋይ) የተተከለው የካስቴል የወይን እርሻ በ2014 እ.ኤ.አ. «ሪፍት ቫሊ»ና «አካሺያ» የተባሉ ሁለት ስሞችን ለገበያ አቅርቧል፤ መጠነኛ ጣፋጭነት ያላቸው በአካሺያ ስም የወጡ ናቸው።

ይሁን እንጂ ለነገሩ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጎንደርና በትክል ድንጋይ አካባቢ በየቤቱ የሚጠመቀው ጠላም ሁለተኛ አለው። ጌሾ፥ ብቅልና እንኩሮ ተደፍድፎ ከሰነበተ በኋላ መጀመሪያ የሚቀዳው ዋናው ጠላ ነው። በቀረው ድፍድፍ ላይ እንደገና ውሃ ሲጨመር የሚወጣው ቀጭን መጠጥ ቅራሪ ይባላል። ቅራሪ ከዚያው ጋን ስለ ወጣ ባዕድ አይደለም፤ በገዛ ስሙ ስለሚጠራም የሚታለልበት ሰው የለም።

የጠጅ ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጠጅ፥ ለአንድ እጅ ማር ከሦስት እስከ አምስት እጅ ውሃ ተበርዞ፥ ጌሾ ገብቶበት፥ በታጠነ ጋን የሚብላላ መጠጥ ነው። ማር ሲወደድ አንዳንድ ነጋዴዎች ከማሩ ከፊሉን በስኳር ይተካሉ። እርሾው ስኳሩንም ወደ አልኮል ይለውጠዋል፤ ነገር ግን ስኳር የማርን መዓዛ አይሰጥም፤ መልኩም ይነጣል። ስለዚህ ቢጫ ቀለም ይጨመርበታል። ስኳሩ ወጪን ለመቀነስ የገባ ነው ቢባል እንኳ፥ ቀለሙ ገዢው «ማር ነው» ብሎ እንዲያምን የቆመ ሐሰተኛ ምስክር ነው።

ይህን በምርመራ መለየት ይቻላል። የሸንኮራ አገዳ ስኳር ንቦች ከሚቀስሙት አበባ ከሚገኘው ስኳር ይልቅ ካርቦን 13 የተባለው ከባድ ካርቦን ይበዛበታል፤ ልዩነቱም በቤተ ሙከራ ይለካል። ነገር ግን በየጠጅ ቤቱ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሊኖር አይችልም። ጠጪውን ሊጠብቀው የሚችለው ስም ነው።

ስለዚህ የስኳር ጠጅ ይከልከል አንልም፤ ርካሽ መጠጥ የሚሻ ሰው አለና። ቅራሪ ቅራሪ እንደሚባል ሁሉ፥ እርሱም በስሙ ተጠርቶ በዋጋው ይሸጥ እንላለን። ይህ ካልሆነ ንጹሕ ማር የሚጥለው ጠማቂ በዋጋ ይሸነፋል፤ ቀፎውን የሚጠብቀው የደጋ ገበሬም የድካሙን ዋጋ ያጣል።