ባቡሩ ሲያድር የሐዲዱ ሥራ ይጀመራል

የከተማ ባቡር ሐዲድ ተሠርቶ የሚያበቃ ነገር አይደለም። የሚመላለሰው ባቡር ብረቱን ይበላዋል፣ ከሥሩ የተነጠፈውን ጠጠር ያደቅቃል፣ ማሰሪያውን ያላላል። ጉዳቱ ቀስ እያለ ስለሚጠራቀም ተሳፋሪው የሚያውቀው ባቡሩ ሲንገጫገጭ ወይም ሲቆም ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ ዋናው ማሳያ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ነው። ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ያለው መሥመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. አገልግሎት ጀመረ፤ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚዘልቀው ደግሞ በጥቅምት መጨረሻ ተከተለው። አብዛኛው ርቀት በመሬት ላይና በድልድይ ሲሆን፣ በምኒልክ አደባባይ አካባቢ ግን መሥመሩ ከምድር በታች ይገባል።

ሁለቱ ብረቶች በ1,435 ሚሊ ሜትር ተራርቀው ስሊፐር በሚባሉ አግዳሚዎች ላይ ይታሰራሉ። ከአግዳሚዎቹ በታች የሚነጠፈው ጠጠር ክብደቱን ወደ መሬት ያከፋፍላል፣ ውኃ ያሳልፋል፣ ሐዲዱ እንዳይንሸራተት ይይዛል። ሹል ድንጋይ የሚመረጠው እርስ በርሱ ስለሚያያዝ ነው። ጠጠሩ ሲደቅና አፈር ሲገባበት ግን ውኃው መውጫ ያጣል፤ ባቡር ባለፈ ቁጥር ጭቃው ወደ ላይ ይገፋል፣ ሐዲዱም በአንድ ጎን ይሰምጣል። ያኔ ሐዲዱን ከፍ አድርጎ ጠጠሩን በንዝረት ከአግዳሚው ሥር የሚጠቀጥቅ ማሽን ይገባል። ጠጠሩ ከመጠን በላይ ከቆሸሸ ወጥቶ ይበጠራል ወይም በአዲስ ይተካል። በዋሻና በድልድይ ላይ ሐዲዱ በቀጥታ በኮንክሪት ላይ ሲታሰር ይህ ድካም ይቀንሳል፤ ኮንክሪቱ ሲሰነጠቅ ግን ጥገናው ከባድና ውድ ነው።

ብረቱ ራሱ የሚያልቀው በመታጠፊያ ላይ ፈጥኖ ነው። የባቡሩ የብረት ጎማ ከንፈር የውጭውን ሐዲድ እየፋቀ ስለሚያልፍ ቅባት ይቀባል፣ የተበላሸው ገጽ በማሽን ይሞረዳል። በብረቱ ውስጥ ያለ ስንጥቅ በዓይን አይታይም፤ የሚፈለገው በድምፅ ሞገድ መሣሪያ ነው። በአዲስ አበባው ባቡር የጎማ ማለቅና የመለዋወጫ እጥረት ካሉት 41 ባቡሮች ብዙዎቹን ማቆሙ ይታወቃል። ያለቀ ጎማ ሐዲዱን ይጎዳል፣ የተጎዳ ሐዲድም ጎማውን ይበላል፤ ስለዚህ አንዱን ትቶ ሌላውን መጠገን ገንዘብ ማባከን ነው።

ሌላው ብዙም የማይነገርለት ጉዳይ ኤሌክትሪክ ነው። ባቡሩ ከላይ ካለው ገመድ 750 ቮልት ይወስዳል፤ ኃይሉ የሚመለሰው በሐዲዱ በኩል ነው። ከሐዲዱ ሥር ያለው መከላከያ ሲያረጅ ኃይሉ ወደ መሬት ያመልጥና በአቅራቢያው የተቀበረ የብረት ቧንቧን ይበላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው መቼ ነው? ባቡሩ በሚያድርባቸው ጥቂት የሌሊት ሰዓታት። ኃይሉ ይቋረጣል፣ መሣሪያ ይገባል፣ ሥራው ይጠናቀቃል፣ ከንጋት በፊትም መሥመሩ ይፈተሻል። ሌሊት ሙሉ በሚያገለግለው የኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ይህ ዕድል የለም፤ በብዙ ቦታ አራት ሐዲድ ስላለው አንዱን ዘግቶ ባቡሩን በሌላው ያሳልፋል። በአዲስ አበባ ግን ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱ መሥመሮች አንድ መንገድ ይጋራሉ። እዚያ የሚፈጠር ብልሽት ሁለቱንም ስለሚያውክ፣ ቁጥጥሩ ከሁሉ በላይ ሊጠብቅ የሚገባው በዚህ ክፍል ነው።

ጥገና አልበቃ ሲል ማሻሻል ይመጣል። በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገባው የጂቡቲ ባቡር የሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። ኋላ የተተካው በዚያው ላይ በመለጠፍ ሳይሆን፣ 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የኤሌክትሪክ መሥመር እንደ አዲስ በመዘርጋት ነው።

ገና ለሚዘረጋ ሐዲድም ጥገናው መታሰብ ያለበት ከመሬቱ ጀምሮ ነው። ለምሳሌ ጎንደር እስካሁን ባቡር የላትም፤ ሆኖም ከወረታ ተነሥቶ በጎንደር አጠገብ ባለችው አዘዞ በኩል ወደ መተማ የሚሄድ መሥመር በአገር አቀፉ የባቡር ዕቅድ ውስጥ ተካቶ ነበር። ወረታ ያለችበት የፎገራ ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት የሚያጥለቀልቁት ነው፤ ወደ ጎንደር ሲቀርቡም የደንቢያ ዋልካ አፈር አለ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተዘረጋ ሐዲድ በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቦታ አፈሩ ተቆፍሮ ይወጣና በጥሩ ድንጋያማ አፈር ይተካል፣ መሥመሩም ከጎርፉ ደረጃ በላይ ይነሣል። በግራና ቀኝ የሚቆፈረው የውኃ ቦይ ደግሞ ሰኔ ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ መጠረግ አለበት።